በሁምቦ ቆላ የተከተልኩት ዱካ

አንተነህ የሚባል ዶክተር ሚስቴን ወሰደብኝ። ሐኪም አይደለም፤ የዱር እንስሳት የሚያጠና ዶክተር ነው። አልደፈራትም፣ ይዟት አልጠፋም፣ በእጁ እንኳ አልነካትም። ግን ወሰዳት። ይህን ለሰው ስናገር “ታዲያ ምን አደረገህ?” ይሉኛል። ምን እንዳደረገኝ ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት።

ያኔ እኔ ከተበላ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ደረቅ አገር ፍየል የማረባ፣ ከሰል የማከስል ሰው ነበርኩ። ፊደል አላውቅም። አማርኛዬም የገበያ አማርኛ ነበር፤ ዋጋ ለመጥራትና ለመሳደብ ይበቃል። ሚስቴ አስቴር ግን ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች። ሳገባት ይህ ነገር አላሳሰበኝም። ትምህርቷ እንደ ሙሽራ ቀሚሷ ሳጥን ውስጥ ገብቶ የሚቀር መስሎኝ ነበር።

ዶክተሩ የመጣው በበጋ ነው፣ እንሹ ፍለጋ። እንሹን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከፍየል ግልገል የማትበልጥ፣ ዓይኗ ትልቅ፣ አፍንጫዋ ረዘም ብሎ የሚንቀሳቀስ፣ እሾህ ውስጥ የምትኖር የዱር እንስሳ ናት። ለእኛ ለአንድ ሰው እራት የማትሞላ ነገር ናት። ለእሱ ግን ትልቅ ጥያቄ ነበረች። ወንዙ ሲደርቅ፣ ሣሩ ሲያልቅ፣ ፍየሎቻችን አጥንታቸው ሲወጣ፣ እነዚህ ምን በልተው ምን ጠጥተው ይከርማሉ? የእኛ ፍየልና የእኛ ከሰልስ ምን ያህል ይነጥቃቸዋል? ከጎጃም ሶዶ፣ ከሶዶ እኛ እሾህ ውስጥ ያመጣው ይኼ ነው።

ሰው ይቀጥራል ሲባል መጀመሪያ የሄድኩት እኔ ነኝ። ቤቴ ድረስ ይዤው መጣሁ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ውሃ ጠጣና እንዲህ አለኝ።

“ጋሽ ባሳ፣ አገሩን ያውቁታል፣ ደስ ይለኛል። ግን የሚያየውን እዚያው እየጻፈ የሚይዝ ሰው ነው የምፈልገው። መጻፍ ይችላሉ?”

“ዓይኔ ያያል፣ አፌ ይናገራል። አንተ ጻፈው።”

“እኔ በማልኖርበት ቀንስ?”

አንቱ ይለኛል። ሥራ እየከለከለኝ አንቱ ይለኛል። ይህን ጊዜ ከጓዳ ድምፅ መጣ።

“እኔ እችላለሁ” አለች አስቴር። በአማርኛ።

ለራሴ ሥራ ልጠይቅ ሄጄ ሚስቴን አስቀጥሬ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ቤቴ የእኔ ቤት አልሆነም። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። ከበቆሎ ዱቄትና ከጎመን የምትሠራው ፎሰሴ ድስት ውስጥ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል። ማታ ስትመለስ ደግሞ አፏ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

“የሜሮን አባት፣ እንሹ ውሃ ሳትጠጣ በጋውን እንደምታልፍ ታውቃለህ?”

“ማን አለ?”

“ዶክተር።”

“ዶክተር ገብቶባት አይቷል?”

“ከቅጠሉ ነው የምታገኘው። ሌሊቱን ቅጠሉ ርጥበት ይይዛል፣ ማለዳ ትበላዋለች። ሲሞቃት ደግሞ በዚያች አፍንጫዋ ቶሎ ቶሎ ትተነፍስና ደሟን ታቀዘቅዛለች።”

እኔ የፍየል ዋጋ ስነግራት “እህ” ትላለች። ስለ እንሹ አፍንጫ ስታወራ ግን ዓይኗ ይበራል። ልጃችን ሜሮንም ጉልበቷ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። እናትና ልጅ ስለ እንሹ ሲያወሩ እኔ እሳት እቆሰቁሳለሁ።

ይባስ ብሎ የገበያው ቀን መጣ። ተበላ ገበያ ከሰሌን አራግፌ ቁጭ ባልኩበት ደስታ የሚባል ጎረቤታችን፣ ቦርዴ ጠጥቶ፣ ሰው እስኪሰበሰብለት ጠብቆ፣

“ባሳ፣ እንሹ ስንት ደረሰ?” አለኝ።

“እኔ ምን አውቃለሁ።”

“ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው አሉ የሚኖሩት።”

“እና?”

“ምንም። የሚቆጥሯቸውም ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሄዱት ብዬ ነው።”

ሰው ሳቀ። ከሰል የምታገላብጥ ሴትዮ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

“አፍህን ያዝ” አልኩት።

“እኔ አፌን እይዛለሁ። አንተ ሚስትህን ያዝ።”

በማግስቱ ፍየሎቹን ለጎረቤት ሰጥቼ ገጀራዬን አነሣሁ። አስቴር ቀድማኝ ወጥታለች። መቸኮል አላስፈለገኝም፤ ምድሩ ይነግረኛል ብዬ ነው። ፊደል የማያውቅ ሰው ያኔ የሚያነበው ሌላ ነገር ነበረው። የአስቴርን ኮንጎ ጫማ ከመቶ ሴት ጫማ እለየዋለሁ፤ የግራው ተረከዙ ወደ ውስጥ ተበልቷል። የዶክተሩን ቡትስም አውቀዋለሁ፤ ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ አሸዋ ይነክሳል።

ደረቁ ወንዝ መታጠፊያ ላይ ሁለቱ ተገናኝተዋል። ከዚያ ጎን ለጎን ሄደዋል። ፊትና ኋላ ሆነው ቢሄዱ አይከፋኝም ነበር፤ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ምን ያጠጋጋቸዋል? እየረገምኩ ተከተልኩ። አንድ ቦታ ቆመዋል። አንድ ቦታ ዶክተሩ ተንበርክኳል። ሌላ ቦታ እንሹ በጠጧን የምትጥልበት ክምር አጠገብ ሁለቱም ተቀምጠዋል፤ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል ተክለውበታል። በጠጥ ከበው መቀመጣቸውን ሳይ ትንሽ ቀለል አለኝ። ሰው በጠጥ አጠገብ ምን ይሠራል?

ከዚያ ትልቁ ግራር ጋ ደረስኩ።

የአስቴር ዱካ ወደ ግራሩ ጀርባ ዞረ። እኔም ዞርኩ። በግንዱ ሥር፣ ቅርንጫፍ ተሸፍኖ፣ ኮንጎ ጫማዋ ተቀምጧል። ከጫማው በላይ ቀሚሷ አለ። ታጥፎ። ጠዋት ለብሳው የወጣችው ቀሚስ ነው።

ቀሚሱን አነሣሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ከእሳት ያወጡት ያህል እጄን አቃጠለኝ። ከግራሩ ጀርባ ደግሞ ዱካ ይወጣል። የእሷ አይደለም። የባዶ እግርም አይደለም። ቡትስ ነው። የዶክተሩ ትልቁ ቡትስ፣ ከጎኑ ደግሞ አነስ ያለ ሌላ ቡትስ።

ሁለት ወንድ። የእኔ ሚስት ዱካ ግን የለም።

ሰው እንደዚህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥመው መጀመሪያ የሚያስበው “ሞታ ይሆን?” ነው ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት “ሁለተኛው ማን ነው?” የሚለውን ነው። አንዱን ለምጄው ነበር፤ ሁለተኛው ከየት መጣ? ሞቷ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። ቀሚሷ እዚህ፣ ጫማዋ እዚህ፣ እግሯ መሬት አልነካም። ተሸክመዋታል ማለት ነው። በሕይወቷ ይሁን በሬሳዋ አላውቅም።

ቡትሶቹን ተከተልኩ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች። ድንጋያማው ላይ ስደርስ ዱካው ጠፋ። ወዲያ ወዲህ አልኩ። እሾህ ክንዴን ሸረካከተው። “አስቴር!” ብዬ ልጣራ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ከሰሙኝ ያመልጣሉ። ከድንጋዩ ማዶ፣ ደቃቅ አፈር ላይ፣ ትንሹን ቡትስ እንደገና አገኘሁት። ዱካው ቀላል ነው፤ ሸክም የያዘ ሰው ዱካ አይደለም። ተሸካሚው ትልቁ ነው አልኩ። የትልቁንም አየሁ። እሱም ቀላል ነው። ምድሩ የሚነግረኝና ሆዴ የሚነግረኝ አልገጠመም። እኔ ሆዴን አመንኩ።

ፀሐይ ወደ ማዶ ማዘንበል ስትጀምር ከጉብታው ላይ አየኋቸው። ሁለት ሰዎች፣ ከተቆረጠ ቅርንጫፍ በተሠራ መከለያ ጀርባ፣ በሆዳቸው ተኝተዋል። ሁለቱም ሱሪ፣ ሁለቱም ኮፍያ። ከፊታቸው፣ ቁጥቋጦው መሐል፣ ዓይን የማይይዘው ቀጭን ጥቁር መረብ ተወጥሯል። አስቴር የለችም።

እኔም ከላያቸው በሆዴ ተኛሁ። ገጀራው በቀኜ። መጀመሪያ ትልቁን፣ ከዚያ ትንሹን። ትንሹ ከሸሸ አልደርስበትም፤ ይሁን። ግን ሳልጠይቃቸው ብመታቸው የት እንዳደረጓት ማን ይነግረኛል? ይህ ሐሳብ ያዘኝ። ዶክተሩ በጣም ዝግ ብሎ እጁን ዘረጋና ከትንሹ ሰው ኮሌታ ላይ እሾህ አነሣ። ትንሹ ዞሮ እንኳ አላየውም። እሾህ ለማንሣት እንኳ እንዲህ ይዋደዳሉ አልኩ።

ያኔ ነው ትንሹ ሰው የሳቀው።

አፉን በእጁ ይዞ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፁን ሊያፍን እየታገለ ሳቀ። ሳቁ አመለጠው። ሳቁን አውቀዋለሁ። ላገባት ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ከአጥር ጀርባ የሰማሁት ሳቅ ነው። ሜሮን ከተወለደች ወዲህ በቤቴ ተሰምቶ አያውቅም።

ሱሪ ለብሳ፣ ቡትስ አድርጋ፣ ኮፍያ ደፍታ፣ በሆዷ ተኝታ የምትስቀው ሚስቴ ናት። ዱካዋን ከመቶ ሴት እለያለሁ ያልኩት ሰው፣ እሷን ራሷን ዓይኔ ሥር አላወቅኋትም።

ተነሣሁና በወላይትኛ ጮኽኩ። ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም።

ከቁጥቋጦው ሁለት እንሹ ፈንድተው ወጡ። ሴቷ ከፊት ነበረች፣ በመረቡ ጎን አለፈች። ወንዱ ከኋላዋ ነበር፣ ቀጥ ብሎ መረቡ ውስጥ ገባ። ጩኸቱ የሕፃን ጩኸት ነው። ዶክተሩ ዞሮ እኔን፣ ከዚያ ገጀራውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

“ጋሽ ባሳ፣” አለ ቀስ ብሎ፣ “እባክዎ ገጀራውን መሬት ያስቀምጡልኝ።”

አስቴር ግን እኔን አላየችም። ወደ መረቡ ሮጠች። ራሷን የምታስርበትን ሻሽ ከኪሷ አውጥታ የእንስሳውን ዓይን ሸፈነች፣ አንገቱን በክንዷ አቀፈች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“ምን ትጠብቃለህ? ኋላ ትገድለናለህ! አሁን እግሩን ያዝልኝ፣ ሊሰብረው ነው!”

አንባቢዎቼ፣ ባል ሆናችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ሴት እንዲህ ስትላችሁ የምታደርጉትን አስቡ። እኔ ገጀራዬን ጥዬ ሄጄ እግሩን ያዝኩ።

እንደ ችቦ እንጨት ቀጭን እግር ነው። ልቡ በመዳፌ ውስጥ ይመታል። አስቴር ምልክት የሚልከውን ትንሽ ቀበቶ አንገቱ ላይ አጥብቃ በጣቷ ለካች። “አንድ ጣት ይገባል፣ ልክ ነው” አለች ለዶክተሩ፣ በአማርኛ። ዶክተሩ ከዓይኑ ሥር ጥቁር ነገር በጥጥ ጠርጎ ጠርሙስ ውስጥ ከተተ። ማንም ስለ እኔ አላወራም። ሰው ሊገድል መጥቶ እግር ያዥ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ሆንኩ።

ዶክተሩ ትንሽ ሲረጋጋ፣ ማውራት ጀመረ።

“ወንዱ እንዲህ ነው፣ ጋሽ ባሳ። ሴቷ በሄደችበት ሁሉ ከኋላዋ ነው። በጠጥ ስትጥል ይመጣና የራሱን ከላዩ ይጥልበታል። ሌላ ወንድ እንዳያሸታት።”

“ስለሚወዳት ነው?” አልኩ።

“እሱን እንኳ ለማወቅ...”

“ፈርቶ ነው” አለች አስቴር፣ ቀና ሳትል።

ሻሹን አነሣች። “ልቀቀው” አለችኝ። ለቀቅኩት። እንሹ ተፈናጥሮ፣ አፍንጫውን እያነፋ፣ ሴቷ ወደገባችበት ቁጥቋጦ ገባ። ዶክተሩ መረቡን ሊጠቀልል ራቅ አለ። ብልህ ነው፤ ለዚህም እጠላዋለሁ።

“ቀሚስሽን ለምን ደበቅሽ?” አልኳት በቋንቋችን።

“ሱሪ ለብሼ ብወጣ ታሳልፈኝ ነበር?”

“አላሳልፍሽም።”

“ይኸው። በቀሚስ እሾህ ውስጥ በሆድ አይኬድም።”

“ምን አሳቀሽ?”

“ምን?”

“ቅድም። ተኝተሽ። ምን ብሎሽ ነው የሳቅሽው?”

ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። ለማስታወስ ስትቸገር አየሁ። “ጉንዳን ሱሪው ውስጥ ገብቶበት መንቀሳቀስ አቅቶት ነዋ። ፊቱን ብታይ...” ብላ ልትስቅ ስትል ፊቴን አየችና ተወችው።

“በቃ?”

“በቃ። ምን ፈለግህ?”

የፈለግሁትን ልንገራችሁ። ሰውየው ነክቷት ቢሆን ፈልጌ ነበር። ያ ቢሆን የማደርገውን አውቃለሁ። ሽማግሌ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ ገጀራም አለ። ሚስቴ ከእኔ ቤት ይልቅ ጉንዳን ውስጥ ተኝታ ደስ ካላት ግን ማንን ልክሰስ? ጉንዳኑን?

በዚያ ሳምንት ነው ወሬውን የነገረችኝ። ጥናቱ ይቀጥላል፤ ሶዶ ገብታ የዱር እንስሳት ሙያ እንድትማር ዶክተሩ ቦታ አፈላልጎላታል። “አይሆንም” አልኩ። “ለምን?” አለች። “አይሆንም ማለት አይሆንም ነው” አልኩ። ሜሮንን ይዛ ወላጆቿ ቤት ቦምቤ ሄደች። ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዝምታ ለጠላቴ አልመኝም፤ ለዶክተሩ ግን እመኛለሁ።

ቀበሌው የጎልማሶች የማታ ትምህርት ነበረው። ብዙ ጊዜ ሲጠሩኝ ስቄባቸው ነበር። ሄድኩ። ብርሃን ፈልጌ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ቀንቼ ነው የሄድኩት። እሷና እሱ መሐል ያለው ነገር ምን እንደሆነ ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ፊደል ነው፤ እሱን ልቀማቸው ነው የሄድኩት። ሽማግሌ ጉልበቴ ከልጆች ዴስክ ሥር አልገባ ብሎ በጎን ተቀምጬ፣ ከከሰሉ የጠቆረ ጣቴ ወረቀቱን ሁሉ እያበላሸ፣ ሀ ሁ ስል ደስታ በመስኮት እያየ ሲስቅ፣ አንድም ቀን አልቀረሁም። ቅናት ከባድ ጉልበት አለው። ሰው በፍቅር ተማርኩ ሲል ስሰማ እጠራጠራለሁ።

ሰዎች ታሪኬን ሲሰሙ መጨረሻ ላይ “ተሳስቼ ነበር” እንድል ይጠብቃሉ። አልልም። እናንተም ከእኔ ተምራችሁ ሚስቶቻችሁን እመኑ ብዬ አልመክርም፤ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ብቻ እላችኋለሁ። ሌላ ወንድ ስትፈልጉ አትድከሙ። የሚወስድባችሁ ነገር ብዙ ጊዜ ወንድ አይደለም። ዶክተሩ አሁን ውጭ አገር ነው። አልፎ አልፎ ይደውልላታል፣ ስለዚያ ቀበቶ ያወራሉ። ስልኩ ሲጠራ ዛሬም እሳት እቆሰቁሳለሁ።

ነገሩ የተፈታው በጊፋታ ዋዜማ ነው። እኛ ወላይታዎች ቂም ይዘን አዲስ ዓመት አንገባም፤ የተጣላ ሁሉ ከበዓሉ በፊት ይታረቃል፣ ያልታረቀ ሰው ከሰው ጋር ሥጋ አይቆርጥም። ጋሽ ሳና የሚባሉ የሰፈራችን ትልቅ ሽማግሌ ቤት ተቀመጥን። ደጅ በሬው ታስሯል። አስቴር ከቦምቤ ከወንድሟ ጋር መጥታለች፣ በቀሚስ።

“ልጄ፣ መትቶሻል?” አሏት ጋሽ ሳና።

“አልመታኝም።”

“አስርቦሻል?”

“አላስራበኝም።”

“ታዲያ ምን በደለሽ?”

“አባቴ፣ የትም ስሄድ ከኋላዬ ነው። ገበያ ስሄድ ከኋላዬ፣ ውሃ ስወርድ ከኋላዬ። ከኋላዬ ስለሆነ ፊቱን አይቼው አላውቅም።”

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ።

“አንተስ ባሳ? ምን ትፈልጋለህ?”

“ትመለስ።”

“ትምህርቱስ?”

ከዚያ ለማንም ያልነገርኩት፣ ለራሴም ያላልኩት ከአፌ ወጣ። “ከተማረች አትመለስም።”

“ካልተማርኩም አልመለስም” አለች አስቴር።

ደጅ በሬው አጓራ። ጋሽ ሳና ከዘራቸውን ወዲህ ወዲያ አዞሩትና ፈረዱ። ሶዶ ትማራለች፣ ሜሮንም አብራት ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቷ ትመጣለች። ባል ሚስቱን ተከትሎ አይሄድም፣ ሰውም ልኮ አያስጠብቅም። አንድ ወጣት በወረቀት ጻፈው። ሌላው የማኅተም ቀለሙን ከፍቶ ወደ እኔ ገፋ።

“አውራ ጣትህን፣ ባሳ።”

“አንብቤ ነው የምፈርመው” አልኩ።

“ኧረ በሬው ሳይታረድ ሊመሽ ነው!” አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዤ ዞርኩ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ድምፄን እያሰማሁ ጀመርኩ። ሳቁ ቆመ። “ባል ሚስቱን” የሚለውን አለፍኩ። የሚቀጥለው ቃል ላይ ተያዝኩ። ተ... ከ... አስቴር ከማዶ ሆና ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ልትነግረኝ።

“ተዪኝ” አልኳት። “ራሴ ነኝ።”

ተወችኝ። ሽማግሌዎቹ ጠበቁኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት፣ አንዲት ቃል አልዘለልኩም። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብዬ ስሜን ጻፍኩ። አስቴር አየችኝ። ምን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም፣ ዛሬም አላውቅም። ጸሐፊው ቀኑን ሊሞላ እጁን ሲዘረጋ ወረቀቱን አልሰጠሁትም። ከስሜ በታች፣ በራሴ እጅ ጻፍኩት፤

መስከረም 14 ቀን 2015 ዓ.ም.